ጀርመኖች «ነገ»ን ከየት አመጡት?

መቼም እኛን አበሾችን «ነገን የማያውቅ ሕዝብ» ብሎ መተቸት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ፈላስፋችን እንዲያውም ጥፋቱን በአማርኛ ላይ ያላክካል። «ይሄዳል» ስንል ዛሬ ይሁን ነገ አይለይም፤ ቋንቋው ራሱ ቀጠሮ አያከብርም ይለናል። ቀጥሎ የሚጠራው ምሳሌ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጀርመን!

እስቲ የጀርመንኛን ታሪክ እንግለጥ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የጥንቱ ጀርመንኛ የራሱ የትንቢት ግስ አልነበረውም። በ830 ገደማ በፉልዳ ገዳም የታቲያን የወንጌላት ቅንብር ከላቲን ሲተረጎም፣ የላቲኑ ትንቢት አብዛኛውን ጊዜ በአሁን ጊዜ ግስ ነው የተተካው። ሲቸግር «ዞለን» (ይገባል) ወይም «ቮለን» (ይፈልጋል) ይጨመር ነበር። ዘመዱ እንግሊዝኛ በዚሁ መንገድ ሄዶ «ሻል» እና «ዊል» ላይ ደረሰ።

ጀርመንኛ ግን «ቬርደን»ን መረጠ። ትርጉሙ «መሆን» ነው፤ «ልጁ ሐኪም ሆነ» እንደምንለው። ከ13ኛውና 14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከሌሎች ግሶች ጋር እየተጣመረ ትንቢትን መግለጽ አበዛ፤ በ16ኛው ሥር ሰደደ። ያም ሆኖ ማርቲን ሉተር በ1545ቱ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 «ብፁዓን» ላይ፣ አንዱን ተስፋ በ«ዞለን» ሌላውን በ«ቬርደን» ነው የጻፈው።

ዛሬስ? የበርሊን ሰው «ኢሽ ኮመ ሞርገን» ይላል። የእኛው «ነገ እመጣለሁ» ማለት ነው፤ ግሱ የአሁን ጊዜ፣ ሥራውን የሚሠራው «ነገ» የሚለው ቃል። «ቬርደን» ደግሞ ለግምትም ያገለግላል፦ «ኤር ቪርት ጹ ሃውዘ ዛይን»፣ «ቤት ይሆናል»። ልብ በሉ፣ እኛም የምንገምተው በ«መሆን» ነው!

በ2013 ኬት ቼን የተባለ ኢኮኖሚስት፣ ትንቢትን የማያስገድዱ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች፣ ጀርመኖችን ጨምሮ፣ የበለጠ ይቆጥባሉ ብሎ ነበር። የፈላስፋችን ተቃራኒ! በ2015 እሱው ከሌሎች ጋር ሆኖ የቋንቋዎቹን ዝምድና ከግምት አስገብቶ ሲያሰላው ግን ግንኙነቱ ደከመ።

እናማ ወዳጆች፣ «ነገ 3 ሰዓት» ብለን 5 ሰዓት ብንደርስ አማርኛን አንክሰሰው። ግሱ ምንም አላጠፋም። ያረፈድነው እኛ ነን።