መዳብ፣ የወርቅ ምኞትና የነሐሱ እባብ

 

ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን እጅጌውን ሰብሰብ አድርጎ የመዳብ አምባር አሳየን። የሸጠለት ሰው «የጥንት ሙስሊም ሊቃውንት ሚስጥር ነው፤ ሪዝቅ ይስባል፣ ሕመም ይነቅላል» ብሎታል። የከፈለውን ብር ሲነግረን ደነገጥን። ልጁን ከመቆጣታችን በፊት ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ ብለን ኪታብ ገለጥን።

የጥንት ሰዎች ሰባት ዋና ዋና የብረት ዓይነቶችን ይቆጥሩ ነበር። በሰማይ ሲዞሩ የሚያዩአቸውም ፀሐይና ጨረቃን ጨምሮ ሰባት ነበሩ። ሰባቱን ከሰባቱ አጋቡ፦ ወርቅን ለፀሐይ፣ ብርን ለጨረቃ፣ እርሳስን ለዙሐል፣ መዳብን ደግሞ ዙህራ ለምትባለው ኮከብ፣ ማለትም ለቬነስ ሰጡ። መዳብ በጥንት ዘመን በብዛት ይወጣ የነበረው ከቆጵሮስ ደሴት ነው፤ የላቲን ስሙ «ኩፕሩም» የተወሰደው ከደሴቲቱ ስም ነው። ግሪኮች ደግሞ የፍቅር አምላክ ብለው የሚያመልኳት አፍሮዳይት ከዚያች ደሴት ባሕር ወጣች ይሉ ነበር። ሮማውያን ቬነስ ብለው የሚጠሯት እሷኑ ነው። እንግዲህ «መዳብ ፍቅር ይስባል» የሚለው ወሬ ሥሩ ሲቆፈር የሚገኘው የግሪክ ጣዖት ነው። የሙስሊም ሚስጥር ተብሎ መሸጡ ነው የገረመን።

የኛ ሰዎች በዚህ ዕውቀት ውስጥ አልነበሩም ማለታችን ግን አይደለም። ኪሚያ የሚባለው ጥበብ በዐረብኛ በሰፊው ተጽፏል። በጃቢር ኢብኑ ሐያን ስም የሚታወቁት ኪታቦች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ብዙ ተመራማሪዎች የአንድ ሰው ሥራ ሊሆኑ አይችሉም ይላሉ። በነዚያ ኪታቦች መሠረት ብረታ ብረት ሁሉ የሚፈጠረው ከድኝና ከባዜቃ ነው፤ ልዩነቱ መጠኑና ንጽሕናው ላይ ነው። ስለዚህ መጠኑን ያስተካከለ ሰው መዳብን ወርቅ ያደርጋል ብለው አሰቡ።

ለምን በመዳብ ተስፋ አደረጉ? ከሰባቱ መካከል ቀለም ያላቸው ወርቅና መዳብ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ነጭና ግራጫ ናቸው። በዚያ ላይ መዳብን ቱትያ ከሚባለው የዚንክ ማዕድንና ከከሰል ጋር ሲያቀልጡት ቀለሙ ወርቅ ይመስላል። እኛ ናስ የምንለው ይህ ነው። ዐረቦች ከስሞቹ አንዱን «ሸበህ» አሉት፤ መምሰል ማለት ነው። ስሙ ራሱ እውነቱን ይናገራል፤ ሰሚ ግን ጠፋ።

ኢብኑ ሲና (980–1037) ይህን በግልጽ ተናግሯል። የኪሚያ ሰዎች መዳብን ወርቅ እስኪመስል ማቅለም ይችላሉ፣ የነገሩን ዓይነት መለወጥ ግን አይችሉም አለ። ኢብኑ ኸልዱን ደግሞ በሙቀዲማው ውስጥ የሚያስቅ ነገር ያነሳል፦ ኪሚያ አይሆንም ያለው ኢብኑ ሲና ሀብታም ሚኒስትር ነበር፤ ይሆናል ያለው አል-ፋራቢ ግን የዕለት ጉርስ የሚቸግረው ድሃ ነበር። አምባር የሚገዙትም ባለ ሕንጻዎቹ አይደሉም።

የአይሁድ ሚስጥራዊ ትምህርት የሆነው ካባላም መዳብን አልተወውም። ዕብራይስጡ «ነሖሼት»፣ ዐረብኛው «ኑሓስ»፣ የኛው «ነሐስ» ወንድማማች ቃላት ናቸው። በዕብራይስጥ ደግሞ እባብ «ናሓሽ» ይባላል። በነሱ ኪታብ እንደተጻፈው ሙሳ (ዐ.ሰ) በምድረ በዳ በእባብ የተነደፉት አይተው እንዲድኑ የነሐስ እባብ ሠሩ። ይህ ታሪክ በቁርኣን አልተጠቀሰም፤ እንደተጻፈ ብቻ እናወራዋለን። ካባሊስቶች «ናሓሽ» እና «ማሺያሕ» (መሲሕ) የሚሉት ቃላት የፊደላቸው ቁጥር እኩል 358 መሆኑን ይዘው ብዙ ተፈላሰፉበት። እኛን የያዘን ግን የታሪኩ መጨረሻ ነው። ከዘመናት በኋላ ሕዝቡ ለዚያ እባብ ዕጣን ማጨስ ጀመረ፤ ንጉሥ ሕዝቅያስም ሰባበረው። በነቢይ እጅ ተሠራ የተባለው ዕቃ እንኳ ከመመለክ አላመለጠም።

«ኤሽ ምጻሬፍ» (የአንጥረኛ እሳት) የሚባል የካባላና የኪሚያ ጽሑፍም አለ። ዕብራይስጡ ጠፍቶ ከፊሉ ከ1677 ጀምሮ በታተመ የላቲን መጽሐፍ ውስጥ ተርፏል። ብረታ ብረቶቹን ሰፊሮት ከሚሏቸው አሥር ደረጃዎች ጋር ያዛምዳል። እዚህ ላይ ግን ሁለቱ ጥበቦች ተጋጩ፦ ለኪሚያ ሰው ወርቅ የሁሉ በላይ ነው፤ ለካባላ ሰው ብር የእዝነት፣ ወርቅ የቁጣና የፍርድ ምልክት ነው። ገርሾም ሾለም የተባለው አይሁዳዊ ተመራማሪ ይህን ግጭት አሳይቷል። ታዋቂው ካባሊስት ሐይም ቪታልም በወጣትነቱ ከሁለት ዓመት በላይ ኪሚያ ሲያሳድድ ተውራት መማሩን እንደተወ ራሱ ጽፏል። በመጨረሻ በደማስቆ በ1620 ሞተ።

ወደ ወንድማችን አምባር እንመለስ። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) ባወሩት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለሕመም ብሎ የናስ ቀለበት ክንዱ ላይ ያሠረ ሰው አይተው አውልቀው፣ ድካም እንጂ አይጨምርልህም የሚል መልእክት ነገሩት። በሰነዱ ላይ ዑለማዎች ተነጋግረውበታል፤ ሐሳቡን ግን በዚሁ በር ብዙ ሐዲሶች ያግዙታል። መዳብ በራሱ ግን ጥፋት የለበትም። በሱረቱ ሰበእ ለሱለይማን (ዐ.ሰ) የቀለጠ ነሐስ ምንጭ እንደፈሰሰላቸው፣ በሱረቱል ከህፍም ዙልቀርነይን ግድቡን በቀለጠ ነሐስ እንዳጠናከሩት ተነግሯል። በቡኻሪ ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በናስ ዕቃ በቀረበላቸው ውሃ ውዱእ ማድረጋቸው ተዘግቧል።

ይህን ሁሉ ለወጣቱ ነገርነው። አምባሩን እስካሁን አላወለቀውም፤ «ትንሽ ላስብበት» ብሎናል። ለጁሙዓ ቀጥረነዋል።

ወላሁ አዕለም።