የስሪቶች ታሪክ ከስሜን ተራሮች ግርጌ፦ ጃቫ በትንሿ ኮምፒውተር ላይ



የታሪክ መምህር ስለ ኮምፒውተር ቋንቋ ሊናገር መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን የታሪክ ጥያቄ ነው፦ የተጻፈ ነገር ከተጻፈበት መሣሪያ በላይ እንዲኖር ምን ማድረግ ይገባል? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1996 የያኔው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ከደባርቅ በስተደቡብ በምትገኘው ዳባት የሕዝብና የጤና ክትትል አቋቋመ። ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት እየተጠየቀ መመዝገብ ያዘ። በዚያው ዓመት ጥር ወር ሰን ማይክሮሲስተምስ የጃቫን የመጀመሪያ ስሪት ለሕዝብ አቀረበ። በጊዜው ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን አገራችን የጤና ሪፖርት የምታሰባስብበት ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፈ ነው።

ጃቫ የገባው ቃል ታላቅ ነበር፤ አንድ ጊዜ የተጻፈ ፕሮግራም በማንኛውም ማሽን ላይ ይሠራል የሚል። ቃሉ ግን ስውር ቅድመ ሁኔታ ነበረው፤ እርሱም ስሪት ነው። በ2014 የወጣው ጃቫ 8 ለረጅም ዘመን አገለገለ። ከ2017 ወዲህ ግን በየስድስት ወሩ አዲስ ስሪት ይወጣ ጀመር፤ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከተመረጡት 11 በ2018፣ 17 በ2021፣ 21 በ2023 ደረሱ። ሰንን በ2010 የገዛው ኦራክል በ2019 ለንግድ የሚውለውን የጃቫ 8 ማሻሻያ በክፍያ አደረገው። ስለዚህ ብዙዎች ፊታቸውን ወደ ነጻው ኦፕንጄዲኬ አዞሩ።

በ2012 ደግሞ ራስቤሪ ፓይ የተባለችው፣ ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒውተር ለገበያ ቀረበች። ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚበቃት መብራት ለሚቆራረጥበት አገር ትስማማለች። ሆኖም የመጀመሪያዋ ሞዴልና ዜሮ የተባለችው ታናሿ የያዙት አሮጌ የኤአርኤም ቺፕ ነው፤ ከተለመደው ማከማቻ የሚጫነው ኦፕንጄዲኬ 11 በእነርሱ ላይ አይነሣም፤ 8 ግን ይሠራል። «ማንኛውም ማሽን» የሚለው ቃል ወሰን እንዳለው እዚህ ላይ ይታያል።

መፍትሔው አሮጌውን ማጥፋት አይደለም። አዲስ ብራና ስለ ተገለበጠ አሮጌው አይቃጠልም። በሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ስሪት በየራሱ ማኅደር ይቀመጣል፤ «ጃቫ» ተብሎ ሲጠራ የትኛው እንደሚመልስ የሚወስነው አፕዴት-ኦልተርናቲቭስ የተባለው ትእዛዝ ነው። ሌላ ስሪት የሚሻ ፕሮግራም የሚፈልገው ጃቫ ያለበት ሙሉ አድራሻ ተጠቅሶለት ይነሣል። እንዲህ ሲሆን 8 እና 17 በአንድ ማሽን ላይ ሳይጣሉ ያድራሉ።

ይህ ለእኛ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ «ከኢንተርኔት አውርደህ ጫን» የሚለው ምክር ለብዙዎች ከንቱ ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። የመጫኛ ፋይሎቹ ለየቺፑ ዓይነት ተለይተው፣ ትክክለኛነታቸው ተረጋግጦ፣ ቢያንስ በሁለት ፍላሽ ይቀመጡ። የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ስሪት እንደሚሠራ በወረቀት ይጻፍ። ቤተ መጻሕፍቶቻችንም ይህን እንደ መዝገብ ይጠብቁት።

በዳባት አንዲት እናት ስለ ልጇ ልደት የሰጠችው ቃል ከሠላሳ ዓመት በኋላም መነበብ አለበት። ፋይሉ ኖሮ የሚከፍተው ፕሮግራም ካልተነሣ፣ ቃሏ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።