ፍል ውኃና ሕሙማን፦ ከታሪክ የምንማረው

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወስደው መንገድ የወሎ ደጋ ወደ አፋር ዝቅታ የሚወርድበትን የተራራ ግርጌ ተከትሎ ያልፋል። ይህ አካባቢ የታላቁ ስምጥ ሸለቆ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ምድሩ በተሰነጠቀበት ሥፍራ የዝናብ ውኃ ወደ ጥልቀት ይሰርጋል፤ በከርሰ ምድር ሙቀት ይግላል፤ ከዐለቱም ማዕድናትን ይዞ ተመልሶ ይፈልቃል። ዝቅ ብሎ፣ በዱብቲ አቅራቢያ በሚገኘው አላሎበድ፣ ውኃው እየፈላ ይወጣል።

ሕዝባችን እንዲህ ያለውን ውኃ ከጥንት ጀምሮ መድኃኒት አድርጎ ሲጠቀምበት ኖሯል። ቁርጥማት የያዘው፣ ቆዳው የታመመ፣ ቂጥኝ ያደረበት ሁሉ ስንቁን ይዞ ወደ ፍል ውኃ ይወርድ ነበር። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ባህላዊ ኢትዮጵያ የፍል ውኃ መታጠቢያዎች ጥናት አሳትመዋል።

ከሁሉ ይልቅ በታሪክ ስሙ የገነነው የፍንፍኔ ፍል ውኃ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ እንጦጦ በነበረበት ጊዜ ቤተ መንግሥቱና መኳንንቱ ከብርዳማው ተራራ እየወረዱ በዚያ ይታጠቡ ነበር። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውኃው አካባቢ ቤት አሠርተው ሥፍራውን አዲስ አበባ አሉት። ርእሰ ከተማችን የተቆረቆረችው በመታጠቢያ ዳር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሃያኛው ምዕተ ዓመት ደግሞ ሶደሬና ወንዶ ገነት ሆቴል ያላቸው መዝናኛዎች ሆኑ።

ይህ እምነት የእኛ ብቻ አልነበረም። የአውሮፓ ሐኪሞችም ሕሙማናቸውን ወደ ባዝና ወደ ካርልስባድ ይልኩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ፔኒሲሊን ቂጥኝን እንደሚፈውስ ሲታወቅ ግን ውኃው ሊፈጽመው ያልቻለው ነገር ግልጽ ሆነ። የቂጥኝ ቁስል ሳይታከምም በራሱ ጊዜ ይደርቃል፤ በሽታው ግን በሰውነት ውስጥ ይቀራል። ታጥቦ ቁስሉ የጠፋለት ሰው ድኛለሁ ብሎ ወደ ቤቱ ቢመለስ አያስደንቅም።

ፍል ውኃ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ሙቀቱ የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ የተኮማተረ ጡንቻን ያፍታታል፤ የመገጣጠሚያን ሕመም ያስታግሣል። ገላን መታጠብና ከድካም ማረፍም በራሳቸው ይጠቅማሉ። ይሁን እንጂ በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግሩ የደነዘዘ ሰው ውኃው ሲያቃጥለው አይሰማውም። ልቡ የደከመ ሰውም በሙቅ ውኃ ውስጥ ብዙ ሲቆይ የደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። መጠጣቱም ጥንቃቄ ይሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው የፍሎራይድ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ፍል ውኃዎች ከዚህ ያልፋሉ። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ ለዓመታት ሲጠጣ ጥርስን ያበልዛል፤ አጥንትንም ይጎዳል።

ከሁሉ የከፋው አደጋ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመረ ሕመምተኛ ለሱባኤም ሆነ ለመታጠብ ርቆ ሲሄድ ክኒኑን ትቶ ቢሄድ፣ ጀርሙ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። በ1999 ዓ.ም. በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጠበልንና የኤች አይ ቪ መድኃኒትን አብሮ መጠቀም እንደሚቻል ማስተማራቸው በዚህ ረገድ ትልቅ እገዛ ነበር።

ስለዚህ ሕመምተኛው ፍል ውኃ ወርጃለሁ ሲለን ብንቆጣው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀናል እንጂ አይተወውም። ከመሄዱ በፊት ስንት ቀን እንደሚቆይ እንጠይቀው፤ ለዚያ የሚበቃ መድኃኒት እናስይዘው፤ እግሩንም እንመርምርለት። አያቶቻችን ወደ ፍል ውኃ የወረዱት ሌላ ሐኪም ስላልነበራቸው ነው፤ ዛሬ የሚወርደው ግን ሐኪምም አለው።