ከካልያሪ ባሕር የተገኘው ፈንገስ

ከባሕር ፈንገሶች የሚገኙ ንጥረ ነገሮች ለሕክምና ያበረከቱት አገልግሎት ሲወሳ፣ በቅድሚያ ከሚጠቀሱት አንዱ የሴፋሎስፖሪን ታሪክ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1945 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በኢጣሊያ፣ በሳርዲኒያ ደሴት፣ በካልያሪ ከተማ ነው።

በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና አጠባበቅ ፕሮፌሰር የነበሩት ጁዜፔ ብሮትዙ፣ የከተማው ፍሳሽ በሚወርድበት ስፍራ የባሕሩ ውሃ በየጊዜው ራሱን ከባክቴሪያ እንደሚያጠራ ተገነዘቡ። ምክንያቱ በዚያው ውሃ የሚኖር ሌላ ረቂቅ ሕይወት ሊሆን እንደሚችል በመገመት ውሃውን አስቀድተው መረመሩ፤ ሴፋሎስፖሪየም አክሬሞኒየም የተባለውንም ፈንገስ ለይተው አወጡ። ፈንገሱ የሚያመነጨው ፈሳሽ የታይፎይድን ባክቴሪያና ስታፊሎኮከስን የሚገታ ሆኖ ተገኘ። ፕሮፌሰሩም ያልተጣራውን ፈሳሽ በእባጭ፣ በታይፎይድና በብሩሴሎሲስ ለታመሙ ሰዎች እስከ መስጠት ደረሱ። ሆኖም ንጥረ ነገሩን አጣርቶ ለማውጣት አቅም ስላልነበራቸው፣ በ1948 ውጤታቸውን አሳትመው ፈንገሱን ወደ ኦክስፎርድ ላኩ።

በኦክስፎርድ ኤድዋርድ አብርሃምና ጋይ ኒውተን ምርምሩን ሲቀጥሉ ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ብሮትዙን የማረካቸው በታይፎይድ ባክቴሪያ ላይ የታየው ኃይል፣ የፔኒሲሊን ወገን ከሆነውና በኋላ ፔኒሲሊን ኤን ከተባለው ንጥረ ነገር የመነጨ ነበር። እነርሱ ይህንኑ ሲያጣሩ፣ በ1953 ከሥሩ ተደብቆ የነበረውን ሴፋሎስፖሪን ሲን አገኙ። መጠኑ እጅግ ጥቂት፣ ኃይሉም ደካማ ስለነበረ ችላ ሊባል ይችል ነበር። ነገር ግን ፔኒሲሊንን የሚያፈርሰው ፔኒሲሊኔዝ የተባለው ኢንዛይም ሴፋሎስፖሪን ሲን ሊያፈርሰው አልቻለም። በዚያን ዘመን ፔኒሲሊንን የለመደ ስታፊሎኮከስ በየሆስፒታሉ ይስፋፋ ስለነበር፣ ይህ ጠባይ ብቻውን ለዓመታት ድካም በቂ ምክንያት ሆነ።

በ1961 የዶሮቲ ሆጅኪን የኤክስሬይ ጥናት የንጥረ ነገሩን ቅርጽ አረጋገጠ። ከዚያም ኬሚስቶች የውስጥ እምብርቱን ሳይነኩ የጎን ሰንሰለቶቹን በመለወጥ ኃይሉን አበረቱት፤ በ1964 ሴፋሎቲን የተባለው መድኃኒት ለገበያ ቀረበ። ዛሬ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በሰፊው የሚታዘዘው ሴፍትሪያክሶንም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው።

ይሁንና ባክቴሪያዎች ሴፋሎስፖሪንን ጭምር የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችን አፍርተዋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ያለ አግባብ ማዘዝ፣ ከአንድ ወደብ ፍሳሽ ተነሥቶ ብዙ ዓመት የተለፋበትን ሀብት ማባከን ነው። ሀብቱን የመጠበቁም ኃላፊነት መድኃኒቱን በሚያዝዘውና በሚያድለው ባለሙያ እጅ ላይ ወድቋል።