አፈር የማይበላው «አፈር በሊታ»፦ አንድ ዓሣ የሰይጣን ስም እንዴት ወጣለት?

እስቲ ሰፌድ ይዞ ምስር የሚያንገዋልል ሰው አስቡ። ገለባው ይበራል፣ ጠጠሩ ይለቀማል፣ ምስሩ ይቀራል። አሁን ደግሞ ይህንኑ ሥራ ያለ ሰፌድና ያለ እጅ፣ በአፉ ብቻ የሚሠራ ዓሣ አስቡ። የሚኖረው በደቡብ አሜሪካ፣ በአማዞን ወንዝና በገባሮቹ ውስጥ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሳታኖፐርካ ጁሩፓሪ ይባላል። አዎ፣ «ሳታን» የሚለው ያው የምታውቁት ሰይጣን ነው።

ምን ቢያጠፋ ነው? ምንም! ታሪኩ እንዲህ ነው።

በ1817 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኦስትሪያዋ ልዕልት ሊዮፖልዲና ብራዚል ለሚኖረው ለፖርቱጋሉ አልጋ ወራሽ ለዶም ፔድሮ ተዳረች። ኦስትሪያም በዚሁ ሰበብ ተመራማሪዎችን ወደ ብራዚል ላከች። ከእነሱ አንዱ ዮሃን ናተረር ነበር። ሰውየው እስከ 1835 ድረስ፣ 18 ዓመት ያህል፣ እዚያው ቆየ። ወፉንም አውሬውንም ዓሣውንም እየሰበሰበ ወደ ቪየና ይልክ ነበር።

ዓሦቹን ቪየና ላይ ያጠናው ዮሃን ያኮብ ሄክል ነው። ብራዚልን አላያትም፤ እጁ የገቡት የሞቱ ዓሦች ነበሩ። በ1840 ለእነዚህ ዓሦች «ጂኦፋገስ» የሚል የወገን ስም አወጣ፤ በግሪክኛ «አፈር በሊታ» ማለት ነው። ከዝርያዎቹ አንዱን «ጁሩፓሪ»፣ ሌላውን «ዴሞን» አላቸው። በ1862 ደግሞ ለንደን የነበረው አልበርት ጉንተር «ሳታኖፐርካ» የሚለውን ስም ጨመረበት።

ጁሩፓሪ ማነው? በአማዞን አካባቢ ባሉ ብዙ ሕዝቦች ትረካ ውስጥ ሕግና ሥርዓትን ያመጣ ኃያል ነው። ሚስዮናውያን ግን «ይሄማ ሰይጣን ነው» ብለው ተረጎሙት። ትርጉሙ ከሰው ወደ ዓሣ ተላለፈ ማለት ነው።

«አፈር በሊታ» የሚለውስ? እሱም ልክ አይደለም። ዓሣው አፉን አሸዋ ውስጥ ይሰካና አንድ ጉርሻ ያነሳል። አፉ ውስጥ ያገላብጠዋል። አሸዋውን በአፉና በስንጥቡ በኩል መልሶ ያፈሰዋል፤ የነፍሳት እጭ፣ ትልና ሌላው ጥቃቅን ምግብ ጉሮሮው አካባቢ ይቀራል። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይሄ ነገር በጣም ይገርመኛል። ተራ ወንፊት የሚለየው በመጠን ብቻ ነው፤ ከአሸዋው ጋር እኩል የሆነን እጭ መለየት አይችልም። ይህ ዓሣ ግን እያገላበጠ ስለሚለይ ሥራው ከወንፊት ይልቅ ወደ ሰፌድ ይጠጋል።

ያው አፍ ሌላም ሥራ አለው። እንቁላሎቹ ጠንካራ ነገር ላይ ከተጣሉ በኋላ እናትና አባት በአፋቸው አንስተው ይይዟቸዋል። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወላጆቻቸው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በሐይቆቻችን የሚጠመደው ቆሮሶ የዚሁ የሲክሊድ ቤተሰብ አባል ነው፣ የቆሮሶ እናትም እንቁላሏን የምትታቀፈው በአፏ ነው።

ታዲያ ስሙ ለምን አይቀየርም? የእንስሳት ስያሜ ደንብ አይፈቅድም። አንድ ስም በሥርዓቱ ከወጣ በኋላ «አይመጥነውም» ተብሎ አይሻርም። ስሙ እንዲህ ሲጸና ከናተረር ማስታወሻዎች ብዙዎቹ ግን በ1848ቱ አብዮት ቪየና ላይ በተነሳ እሳት ተቃጠሉ። 18 ዓመት ያህል በሕይወት ያሉትን እንስሳት ያየው ሰው ከጻፈው ብዙው ጠፋ፤ የሞቱትን ያዩት ሰዎች ያወጡት ስም ቀረ።

ስለዚህ ሳይንሳዊ ስም ስታነቡ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። «ማን አወጣው? ምን አይቶ?» ብላችሁም ጠይቁ። ስም መለያ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው አሁንም እዚያው ወንዝ ውስጥ አሸዋውን እያንገዋለለ ነው።