ፍላሿ ተቆልፋለች፤ ቁልፉስ የት ነው?

እስቲ ቦርሳችሁን ወይም መሳቢያችሁን ፈትሹ። አንዲት ፍላሽ አትጠፋም። ውስጧ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሲቪ፣ የፓስፖርት ቅጂ፣ ለሰው የማይታይ ፎቶም ይኖር ይሆናል። ጥንቁቁ ወዳጃችን ደግሞ «እኔማ ፓስወርድ አድርጌባታለሁ» ብሎ ተረጋግቶ ይተኛል። የዛሬው ወጌ የዚህ እንቅልፍ ጉዳይ ነው። ለመሆኑ ፓስወርድ የጠየቀ ሁሉ ተቆልፏል ማለት ነው? የፍላሽ ታሪክ «አይደለም» ይለናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ እንጀምር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቶሺባ መሐንዲስ የነበረው ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ፣ መብራት ቢጠፋም የያዘውን የማይረሳ፣ ሲፈለግ ግን በቅጽበት የሚጠረግ ሜሞሪ ሠራ። አንድ የሥራ ባልደረባው አጠራረጉ የካሜራ ብልጭታ አስታወሰውና «ፍላሽ» የሚለውን ስም አወጣለት ይባላል።

ኪስ ውስጥ ለመግባት ግን ሃያ ዓመት ያህል ፈጀበት። ኤም ሲስተምስ የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በ1999 የፈጠራ መብት ጠየቀ። በ2000 የሲንጋፖሩ ትሬክ «ታምድራይቭ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ አይቢኤም የኤም ሲስተምስን ፍላሽ አሜሪካ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። «እኔ ነኝ የቀደምኩት» የሚለው ክርክር ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። የያኔዋ ፍላሽ 8 ሜጋባይት ብቻ ነበረች። አትሳቁ! 1.44 ሜጋባይት ብቻ ለሚይዘው ፍሎፒ ይህ ከአምስት እጥፍ በላይ ነበር።

ትንሽ ነገር ለመያዝ ይመቻል፤ ለመጥፋት ደግሞ የበለጠ ይመቻል። በነሐሴ 2008 እንግሊዝ ውስጥ ለመንግሥት በኮንትራት ይሠራ የነበረ አማካሪ ድርጅት አንዲት ፍላሽ ጠፋችበት። በእንግሊዝና ዌልስ የታሰሩ የ84,000 ያህል እስረኞች መረጃ ውስጧ ነበር። መረጃው ከመንግሥት የወጣው ተመስጥሮ ነው፤ ፍላሿ ላይ የተገለበጠው ግን እንዲሁ፣ ማንም ከፍቶ ሊያነበው በሚችል መልኩ ነበር። ድርጅቱ ኮንትራቱን አጣ።

«ታዲያ የምትቆለፈዋን መግዛት ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ብዙ መሥሪያ ቤቶችም እንዲሁ ብለው ገዝተው ነበር። ግን በ2009 መጨረሻ ሲስ የተባለ የጀርመን የደህንነት ፈታሽ ኩባንያ የኪንግስተንን፣ የሳንዲስክንና የቨርባቲምን ውድ ባለ ፓስወርድ ፍላሾች መረመረ። መረጃውን የሚመሰጥሩት 256 ቢት በሆነ ጠንካራ ስልት ሲሆን የአሜሪካ መንግሥት የጥራት ማረጋገጫም ነበራቸው። ሆኖም ተከፈቱ።

እንዴት? አንድ ትልቅ ግቢ አስቡ። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ መታወቂያ ያያል። ካመነበት ወደ ውስጥ «ክፈት!» ብሎ ይጣራል፤ የቤቱም በር ይከፈታል። ችግሩ ቃሏ ለሁሉም ግቢ አንድ መሆኗ ነው። ሌባው ዘበኛውን ማታለል አላስፈለገውም፤ ራሱ «ክፈት!» አለ። የፍላሾቹም ጉድ ይኸው ነው። ፓስወርዱን የሚያጣራው ኮምፒውተሩ ላይ የሚሠራው ፕሮግራም ነበር፤ ትክክል ከሆነ ወደ ፍላሿ የሚልከው መልእክት ግን ፓስወርዱ ምንም ይሁን ምን ያው አንድ ነበር። ኪንግስተን ፍላሾቹን ከደንበኞቹ መለሰ፤ ሌሎቹም ማስተካከያ አወጡ።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ፓስወርድ ዘበኛ ብቻ ሲሆን ይታለፋል። ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ ያለ እሱ የማይገኝ ሲሆን ግን እውነተኛ መቆለፊያ ይሆናል። ለዚህ ውድ ፍላሽ አያስፈልግም። በ2009 ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣው ቢትሎከር ቱ ጎ፣ ከ2013 ጀምሮ ያለው ነፃው ቬራክሪፕትም ተራዋን ፍላሽ ይመሰጥራሉ።

እውነተኛ መቆለፊያ ግን ለባለቤቱም አያዳላም። ስቴፋን ቶማስ የተባለው ፕሮግራመር የ7,002 ቢትኮይኑን ቁልፍ አይረንኪ በተባለች ፍላሽ ውስጥ አስቀምጦ፣ ፓስወርዱን የጻፈባት ወረቀት ጠፋችበት። ፍላሿ የምትፈቅደው አሥር ሙከራ ብቻ ነው። በጥር 2021 ታሪኩ ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ስምንቱን ጨርሶ ነበር። ገንዘቡ ያኔ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣ ነበር።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ፍላሻችሁን መስጥሩ፤ የፋይሉን ቅጂ ሌላ ቦታ አኑሩ፤ ፓስወርዱንም ከፍላሿ ጋር አታንጠልጥሉት። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ፕሪንት ቤት ሄዳችሁ በሰው ኮምፒውተር ላይ የከፈታችኋት ፍላሽ፣ እስክትነቅሏት ድረስ ለዚያ ኮምፒውተርም ክፍት ናት። እዚያ ይዛችሁ የምትሄዱት የሚታተመውን ፋይል ብቻ ይሁን።

ቸር እንሰንብት!