ከበርኖስ እስከ ከረባት፦ ለፎቶግራፍ ምን ለብሰን ቆምን?



መሥሪያ ቤታችን «አንድ ደህና ፎቶግራፍ አምጡ» ባለን ቁጥር ቁም ሣጥን ከፍተን «ምን ልልበስ?» እያልን የምንጨነቀው እኛ ብቻ አይደለንም። አያቶቻችንም ወላጆቻችንም ተጨንቀውበታል። ፎቶግራፉን ማን እንደሚያየው አስበው ነበር የሚለብሱት። ስለዚህም የድሮ ፎቶግራፍ ላይ ያለውን ልብስ በጥሞና ላየ ሰው የዘመኑን ታሪክ ያነብበታል።

በአገራችን ካሜራ ሳይመጣም ልብስ ይናገር ነበር። ከበላዩ ፊት የሚቆም ሰው ሸማውን ከወገቡ አሥሮ ያደገድጋል፤ ታላቅ ሰው ደግሞ እስከ አፉ ይከናነባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ፎቶግራፍ ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ መኳንንቱ ይህንኑ የልብስ ቋንቋ ይዘው ነው ከካሜራው ፊት የቆሙት። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በብዙዎቹ ፎቶግራፎቻቸው ላይ ራሳቸውን በነጭ ሻሽ አሥረው፣ በላዩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ ካባ ደርበው ይታያሉ። ይህ ለክብር ብቻ ሳይሆን ለፎቶግራፉም ይበጅ ነበር። በጥቁርና ነጭ ፊልም፣ ነጭ ሸማ ብቻ የለበሰ ሰው ብርሃን ሲበዛበት የልብሱ እጥፋት ይጠፋል፤ ጥቁር በርኖስ ሲደረብበት ግን መልኩም ቁመናውም ጎልቶ ይወጣል። የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ኋላም ሙያውን የወረሱት ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፣ ይህን ሳያውቁት አይቀሩም።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ እሳቸውም ተከታዮቻቸውም በካባ ነበር የታዩት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አገራቸው በፋሺስት ተይዛ፣ በስደት ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙም ያንኑ ካባ እንደደረቡ ነበር። ጦሩ ተፈትቷል፣ ዋና ከተማው ተይዟል፤ የዓለም ጋዜጦች ባወጡት ፎቶግራፍ ላይ ግን የኢትዮጵያ ንጉሥ በኢትዮጵያ ልብስ ቆሟል። ስደተኛ ለሆንን ለእኛ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከነፃነት በኋላ ፎቶግራፍ ከመኳንንቱ አልፎ ለሕዝቡ ደረሰ። በአዲስ አበባ ፒያሳና በየከተማው ፎቶ ቤቶች ተከፈቱ። ተማሪው፣ ጸሐፊው፣ አዲስ የተቀጠረው መምህር ደመወዙን ሲቀበል ወደ ፎቶ ቤት ይሄዳል። ኮት የሌለው እዚያው ከተሰቀለው ኮትና ከረባት ይዋሳል። ጉርድ ፎቶግራፍ ስለሆነ ሱሪው ቢነትብ ማንም አያይበትም። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ተጽፎበት ወደ ገጠር ለእናት ይላካል። የተዋሰው ኮት ውሸት ነበር እንዴ? እኛ እንዲህ አንልም። ያ ወጣት «እዚህ ልደርስ ነው» ብሎ ለቤተሰቡ የላከው ቃል ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ተማሪው ካኪ ለበሰ፤ በየቤቱ አልበም የካኪ ፎቶግራፍ ገባ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ያን ትውልድ ሲያጭድ፣ ለብዙ ወላጆች የቀረላቸው ያ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው፣ ግድግዳውን የሞሉትን እነዚያን ፊቶች አይረሳም። ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ባለ ሰፊ ኮሌታ ሸሚዝ ለብሰው የተነሡት ለመታወቂያ ወይም ለጓደኛ ነበር። ዛሬ ምስክር ሆነው ቆመዋል።

በስደት ደግሞ አለባበሳችንን የሚወስንልን ቢሮ ሆነ። አሜሪካ የገባን ሰዎች እናስታውሳለን፦ እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ለግሪን ካርድ የሚቀርበው ፎቶግራፍ ፊት ዘንበል ብሎ ቀኝ ጆሮ እንዲታይ ያዝዝ ነበር። ስንቱ ፀጉሩን ወደኋላ ሰብስቦ ጆሮውን ለመንግሥት አሳይቷል! ከ2016 እ.ኤ.አ. ኅዳር ጀምሮ ደግሞ ለፓስፖርትና ለቪዛ መነጽር ማውለቅ ግድ ነው። ዩኒፎርምም አይፈቀድም።

እንግዲህ ለመታወቂያ ሕጉን እናክብር። ለሥራ በምንነሣው ፎቶግራፍ ግን ምርጫው የራሳችን ነው። አንድ ቀለም ያለው ልብስ ይሻላል፤ ደቃቅ መስመርና ጥቃቅን ካሬ በዲጂታል ካሜራ ይንቀጠቀጣል። የሐበሻ ቀሚስ መልበስ የምትፈልግ እህት ነጭ ግድግዳ ፊት አትቁም፤ ጥለቱም አንገቱ ላይ ያለውን ትምረጥ፣ የታችኛው ጥለት በጉርድ ፎቶግራፍ አይታይምና። ኮት ካሻህ ወንድሜ ተዋስ፤ አባትህም ተውሶ ነበር።

አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። በየሻንጣችን ያሉትን የወላጆቻችንን ፎቶግራፎች አውጥተን፣ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ማን እንደሆነ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ልብሱስ የማን እንደነበር እንጠይቅ። መልሱን ከጀርባው በእርሳስ፣ ሳንጫን እንጻፍ። ልብሱ ዘመኑን ይናገራል፤ ስሙን ግን እኛ ካልጻፍነው የሚነግረን የለም።

ቸር ይግጠመን።